ሰንጢና ቢላ ሲመረጥ ጎኑ ይታይ

ደባርቅ፤ ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ደባርቅ ይደርሳል። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ደጋ ገበሬው ገብስ ይዘራል፤ በግ ያረባል፤ ማለዳ ከቤቱ ሲወጣም ስለት ከኪሱ ወይም ከመታጠቂያው አይለየውም። በዚያው ስለት ገመድ ይቆርጣል፣ ጠፍር ይተለትላል፣ ለቀንበሩ ማነቆ ይጠርባል፣ ቀትር ላይ ዳቦውን ይቆርሳል፤ በዓል ሲመጣ ደግሞ በጉን ይገፍፍበታል።

ለመሆኑ አንድ ሰንጢ ይህን ሁሉ ሥራ እኩል አሳምሮ ሊሠራ ይችላልን? አይችልም። ባለመቻሉም በየቤቱ የሚደርሰው ጉዳት ጥቂት አይደለም። በበዓል ማግሥት የተበሳ ቆዳ ይጣላል፤ ትናንት የተገዛ ሰንጢ ዛሬ አፉ ተሸርፎ ይገኛል፤ እምቢ ያለውን ስለት በጉልበት የሚገፋ ሰው ጣቱን ይቆርጣል። ባለቤቱም አብዛኛውን ጊዜ “ብረቱ መናኛ ነው” ብሎ ያልፈዋል። እርግጥ መናኛ ብረት አለ። ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው በብረቱ ሳይሆን ከቢላው ጀርባ እስከ አፉ ባለው የጎኑ አወራረድ ላይ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ይህንን ልዩነት ለአባላት በቀላሉ ማስረዳት እንዲችሉ ለመርዳት ነው።

የጎን አወራረድ ምንድን ነው?

ቢላ ጀርባ፣ ጎንና አፍ አለው። ገበያ ላይ ሰው ሁሉ የሚመለከተው አፉን ነው፤ በአውራ ጣቱ ዳሰስ አድርጎ “ይቆርጣል” ወይም “አይቆርጥም” ይላል። ነገር ግን አፉ የሚሠራው መግቢያውን መክፈት ብቻ ነው። ከአፉ በኋላ የሚገባው ጎኑ ነው። ጎኑ ወፍራም ከሆነ የሚቆረጠው ነገር ግራና ቀኝ ይይዘዋል፤ ስስ ከሆነ ግን ሳይቸገር ያልፋል። በአንጻሩ ስስ የሆነው ጎን ጠንካራ ነገር ሲያጋጥመው አፉ ይታጠፋል ወይም ይሸረፋል። መጥረቢያ የቱንም ያህል ቢሳል ዳቦ አይቆርሱበትም፤ ምላጭም የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ እንጨት አይፈልጡበትም። ሁለቱም ስለት ናቸው፤ የሚለያዩት በጎናቸው ነው።

የጎኑን አወራረድ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ቀጥ ያለ ሸምበቆ ወይም ማስመሪያ በቢላው ጎን ላይ ከጀርባው ወደ አፉ አጋድሞ ወደ ብርሃን ማየት ይበቃል። ማስመሪያው ከጎኑ ጋር ሙሉ በሙሉ ከገጠመ ጎኑ ዝርግ ነው። በመካከል ብርሃን ካሳለፈ ጎድጓዳ ነው። ማስመሪያው ከመካከል ተነሥቶ ወዲያና ወዲህ ከተንቀሳቀሰ ጎኑ ያበጠ ነው። ከጀርባው እስከ መካከል ገጥሞ ከዚያ በታች ወደ አፉ ክፍተት ካሳየ ደግሞ ከመካከል የወረደ ነው።

አራቱ ዓይነቶች

ዝርግ ጎን፦ ከጀርባው ጀምሮ እስከ አፉ ድረስ ቀጥ ብሎ እየሳሳ የሚወርድ ነው። ዳቦ፣ ሥጋ፣ ሽንኩርትና ድንች ለመቁረጥ የሚስማማው ይህ ነው። ጎኑ ድንገት ስለማይወፍር በጥልቀት ሲቆርጥም አይነክስም። የስዊስ የኪስ ሰንጢ የሚባለውና ከዱር አራዊት ፓርኩ ጎብኝዎች ጋር አልፎ አልፎ የሚታየው ሰንጢ ስስ ዝርግ ጎን ካላቸው አንዱ ነው። ጉድለቱ አጥንት ወይም ደረቅ እንጨት ላይ ሲያርፍ አፉ ቶሎ መጎዳቱ ነው።

ጎድጓዳ ጎን፦ በሚዞር ክብ ድንጋይ ላይ ስለሚሞረድ ጎኑ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። አፉ እጅግ ስስ ይሆናል። የጢም መላጫ ምላጭ፣ በተለይም የሚታጠፈው የፀጉር አስተካካዮች ምላጭ፣ በዚህ ዓይነት የተሠራ ነው። ቆዳ፣ ክርና ጨርቅ ላይ ወደር የለውም። ነገር ግን ወደ ጀርባው ሲቃረብ ጎኑ በድንገት ስለሚወፍር ወፍራም ዳቦ ወይም ትልቅ ድንች ውስጥ ሲገባ ተይዞ ይቀራል። ማነቆ ልጠርብበት ያለ ሰው ደግሞ በአንድ ቀን ያበላሸዋል።

ያበጠ ጎን፦ የመጥረቢያ ጎን ይህንን ይመስላል። ከጀርባው ወደ አፉ በጥቂቱ እንደ ሆድ ወጣ ብሎ ይወርዳል። ከአፉ በስተጀርባ ብዙ ብረት ስላለው እንጨት ቢጠርቡበትና ቢመቱበትም ይችላል። የተቆረጠውን ነገር ከጎኑ ገፋ ስለሚያደርግም አይጣበቅም። የጎኑ ማበጥ በልክ ከሆነ ዳቦም ይቆርሳል፤ ከልክ ካለፈ ግን ዳቦውን ይፈረካክሰዋል እንጂ አይቆርሰውም።

ከመካከል የወረደ ጎን፦ ከጀርባው እስከ መካከል ድረስ ውፍረቱ እኩል ሆኖ ከዚያ ወዲያ በአንድ ቀጥ ያለ ተዳፋት ወደ አፉ የሚወርድ ነው። ለእንጨት ሥራ የተመሰገነ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ግን አሳሳሉ ነው፤ ተዳፋቱን በመሳያው ድንጋይ ላይ ሙሉ በሙሉ አስተኝቶ መሳብ ስለሚቻል ጀማሪም ቢሆን አይሳሳትም። ውፍረቱ ስለሚገፋው ድንች ሲቆርጡበት ድንቹ ከመቆረጥ ይልቅ መሰንጠቁ ጉድለቱ ነው።

ከነዚህ ሌላ በአንድ ወገን ብቻ የሚሞረድ አለ። የአናጢው መሮ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ቀጥ ያለ ገጽ ለመላግ ይመቻል፤ ለኪስ ሰንጢ ግን ሲቆርጥ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ ለዕለታዊ ሥራ አይመከርም።

በግ ሲገፈፍ

ለደባርቅና ለዳባት ገበሬ ይህ ሁሉ ልዩነት በገንዘብ የሚቆጠረው በግ በሚታረድበት ቀን ነው። ከአገራችን ለሚወጣው የበግና የፍየል ቆዳ ጥራት መጓደል ምክንያት ተብለው ሲጠቀሱ ከኖሩት መካከል በገፈፋ ጊዜ የሚደርስ የቢላ ቁርጥ አንዱ ነው። እከክና ሌላው የቆዳ በሽታ የእንስሳት ሐኪምን እርዳታ ይፈልጋል። የቢላ ቁርጥ ግን ሙሉ በሙሉ በገፋፊው እጅ ያለ ጉዳይ ነው።

ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ለዓይን የሚታይ ቀዳዳ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሥጋው ወገን የሚቀር፣ ቆዳውን ሳይበሳ ያሳሳው ጭረት ነው። ይህን ባለቤቱም ሆነ ነጋዴው ላያስተውለው ይችላል፤ በፋብሪካ ሲለፋና ሲወጠር ግን ተቀድዶ ይገለጣል። በቅርብ ዓመታት የበግ ቆዳ ዋጋ ክፉኛ በመውደቁ “ታዲያ ምን ቸገረኝ?” የሚል ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ቆዳው ወደ ገበያ ባይሄድም ለቤት ይውላል። የተበሳ ስልቻ ዱቄት ያፈሳል፤ የተበሳ ደበሎ እረኛውን ከብርድ አያድንም፤ የተበሳ አጎዛም እንግዳ አይቀርብበትም።

ስለዚህ ለገፈፋ የሚሆነው ስለት አጭር፣ አፉ እንደ ጨረቃ ጎበጥ ያለ፣ ጫፉም ያልሾለ መሆን ይኖርበታል። ጎኑ ዝርግ ወይም በጥቂቱ ያበጠ ቢሆን ይመረጣል። ጎድጓዳው ምላጭ መሰል ሰንጢ እጅ ትንሽ ሲስት ወዲያው ቆዳ ውስጥ ስለሚገባ ለልምድ አልባ ገፋፊ አደገኛ ነው። ጫፉ የሾለውን ሰንጢ የመጀመሪያውን መስመር ለመክፈት ብቻ ተጠቅሞ ወዲያው ማስቀመጥ ያሻል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የጡጫ እንጂ የቢላ አይደለም፤ የበግ ቆዳ ሙቀቱ ሳይለየው በጡጫ ሲገፋ ከሥጋው በቀላሉ ይላቀቃል። ቢላ የሚገባው ጡጫ እምቢ ባለበት ቦታ ብቻ ነው።

ሌሎች ደገኞች ምን ይይዛሉ?

በሌላ አገር ያሉ ደገኛ ገበሬዎችም በዚሁ ጥያቄ ውስጥ አልፈዋል። በፈረንሳይ አገር ሳቮያ በምትባለው ተራራማ ክፍል ጆሴፍ ኦፒኔል የሚባል የባለእጅ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1890 ለአካባቢው ገበሬ የሚሆን አንድ ተጣጣፊ ሰንጢ ሠራ። አባቱ መጥረቢያና ሌላም የገበሬ ስለት እየቀጠቀጠ የሚኖር ሰው ነበር። ልጁ የሠራው ሰንጢ እጀታው እንጨት፣ ብረቱ ስስ፣ ጎኑም በጣም በጥቂቱ ያበጠ ነበር። ስስነቱ ለዳቦና ለአይብ፣ ጥቂቷ እብጠት ደግሞ ለእንጨት እንድትሆነው ማለት ነው። ሰንጢው ዛሬም በዚያው ስም ይሠራል፤ ብዙ የሚሸጠው ቁጥር 8 የሚባለው ሲሆን የስለቱ ርዝመት 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው።

ከዚህ ታሪክ አንድ ተጨማሪ ትምህርት ይገኛል። ሰንጢው በመጀመሪያ መቆለፊያ አልነበረውም። በ1955 እ.ኤ.አ. ግን ስለቱ በሥራ ላይ ሳለ በጣት ላይ እንዳይታጠፍ የሚይዝ የብረት ቀለበት ተጨመረለት። በየገበያው የሚሸጠው ርካሽ ሰንጢ ብዙውን ጊዜ ይህ የለውም። መቆለፊያ በሌለው ሰንጢ መውጋትና መሰርሰር፣ ጀርባውንም በድንጋይ መምታት ጣት ያስቆርጣል። ለእረኛ ልጅ የሚሰጥ ሰንጢ ከሆነ ደግሞ ከአወራረዱም በፊት መታየት ያለበት መቆለፊያው ነው።

በስዊድን አገር ሙራ በተባለው አካባቢ የሚሠራው ቢላ ደግሞ ሌላ መንገድ ይከተላል። ሕዝቡ የደን ሕዝብ በመሆኑና ከዳቦ ይልቅ እንጨት ስለሚበዛበት ቢላው ከመካከል የወረደ ጎን አለው፤ አይታጠፍም፤ በሰገባ ይያዛል። እንግዲህ ሳቮያም ሙራም የየራሳቸውን ሥራ አይተው የየራሳቸውን ጎን መረጡ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል ብሎ መከራከር ዋጋ የለውም።

የቀጥቃጩ ድርሻ

በሰሜን፣ በወገራና በደምቢያ ማረሻውን፣ ማጭዱንና ቢላውን ለገበሬው ሲቀጠቅጡ ከኖሩት ባለእጆች መካከል ቤተ እስራኤላውያን ዋነኞቹ ነበሩ። ብዙዎቹ እስከ የካቲት 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ድረስ የርስት መብት ስላልነበራቸው የሰው መሬት እያረሱና ብረት እየቀጠቀጡ ይኖሩ ነበር። በ1977 ዓ.ም እና በ1983 ዓ.ም አብዛኛው ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል ሲሄድ አያሌ ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎችም አብረው ሄዱ። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚያመራው መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ ይህንኑ ታሪክ ታስታውሳለች።

ባለእጅን በሥራው ማዋረድ የቆየ በሽታ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ባለእጁ በሥራው እንዳይሰደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር። ይሁንና “ቡዳ” የሚለው ስድብ በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። በስድቡ ምክንያት ልጁን ሙያውን ከማስተማር የሚቆጠብ ቀጥቃጭ ቢኖር የሚጎዳው ራሱ ገበሬው ነው፤ የፋብሪካ ሰንጢ የተሠራው ለማንም ነውና። የመንደሩ ቀጥቃጭ ግን “ለገፈፋ ነው፤ ጫፉን አድቡልቡልልኝ፤ ጎኑን ስስ አድርግልኝ” ቢሉት በልክ ሊሠራ የሚችል ብቸኛው ሰው ነው።

ለቀጥቃጩ የሚቀርበውም ብረት መለየት አለበት። የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ጥሩ ስለት ይወጣዋል። ለግንባታ የሚውለው ተራ ፌሮ ግን ለስላሳ ስለሆነ ቢሳልም አይዝም። ባሌስትራ ግሎ በውሃ ሲነከር ሊሰነጠቅ ስለሚችል በዘይት ቢበርድ ይመረጣል። በርዶ ሲወጣ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ስለሚሆን በለዘብተኛ እሳት እንደገና ሞቆ የተወለወለው ገጹ የገለባ መልክ ሲይዝ ከእሳቱ ይወጣል። ጥንካሬውን ለማወቅ በሞረድ መሞከር ነው፤ ሞረዱ አፉ ላይ በቀላሉ ከነከሰ ብረቱ ለስላሳ ነው፤ አልፎት ከተንሸራተተ ጠንክሯል።

በስብሰባ ላይ ሊደረግ የሚችል ሙከራ

ነገሩን በቃል ከመናገር በዓይን ማሳየት ይበልጣል። የማኅበሩ መሪ ለአንድ የስብሰባ ቀን ጎናቸው ልዩ ልዩ የሆነ ሦስት ስለቶች፣ አንድ ድፎ ዳቦ፣ ጥቂት የቃጫ ገመድና ደረቅ የወይራ እንጨት ያዘጋጅ። ሦስቱም በአንድ ሰው እጅ፣ በአንድ ድንጋይ ላይ ይሳሉ።

በመጀመሪያ በሦስቱም ዳቦ ይቆረስ፤ የትኛው ፍርፋሪ እንዳበዛ ይታይ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ ገመዱ አሥር ጊዜ ይቆረጥ። ከዚያም በእያንዳንዱ ከወይራው አንዳንድ ችካል ይጠረብ፤ ስንት ምት እንደወሰደና እጅን እንዴት እንዳደከመ ይቆጠር። በመጨረሻ ወደ ዳቦው ተመልሶ እንደገና ይቆረስ። ትምህርቱ ያለው በዚህ በመጨረሻው ላይ ነው። በመጀመሪያ ዳቦውን እንደ ቅቤ የቆረሰው ስስ ሰንጢ ከወይራው በኋላ ይጎትታል፤ ያበጠው ደግሞ በመጀመሪያ ከነበረው ብዙም አይለወጥም። አባላቱም ማን ምን ስለት ለየትኛው ሥራ ይያዝ የሚለውን ራሳቸው ይፈርዳሉ።

አሳሳሉ

ጥሩ ጎን በመጥፎ አሳሳል ይበላሻል። በሞተር በሚዞር ድንጋይ ላይ ያለ ውሃ የተያዘ ስለት አፉ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ጥንካሬው ሄዷል ማለት ነው፤ ስለዚህ በየጊዜው ውሃ ውስጥ መንከር ያስፈልጋል። በእጅ የሚሳል ከሆነ ለስላሳ የመሳያ ድንጋይ አርጥቦ ቢላውን በድንጋዩ ላይ ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ከዚያ ወደ ድንጋዩ በእኩሌታ ማጋደል፣ ያንንም እንደገና በእኩሌታ ማጋደል ነው። ከ20 ዲግሪ ትንሽ የሚበልጥ የሚሆነው ያ ማዕዘን ለዕለታዊ ሥራ ይስማማል። ከመካከል የወረደው ቢላ ብቻ ተዳፋቱን አስተኝቶ ይሳላል። ከአፉ ማዶ በጥፍር የሚሰማ ስስ የብረት ጥርዝ ሲወጣ ወደ ሌላው ጎን ማዞር፣ በመጨረሻም በጠፍር ላይ ወደኋላ እየሳቡ መወልወል ነው።

ከዓመታት መሳል በኋላ ስለቱ “እንደ ድሮው አይቆርጥም” የሚባለው አፉ እየተበላ ወደ ወፍራሙ የጎኑ ክፍል ስለሚጠጋ ነው። በዚህ ጊዜ አፉን ብቻ መሳል ድካም ነው፤ ጎኑ ራሱ በሞረድ ወይም በቀጥቃጩ እጅ መሳሳት አለበት።

ሕዝቡ እስከ ዛሬ የገበሬ ማኅበር መሪ እያለ የሚጠራችሁ፣ በቀበሌም ሆነ በኅብረት ሥራ ማኅበር የምትሠሩ ሁሉ፣ ለዚህ ጉዳይ ትልቅ በጀት አያስፈልጋችሁም። ለአንድ ቤት ሁለት ስለት ይበቃል፤ አንዱ ያበጠ ወይም ከመካከል የወረደ ሆኖ ለእንጨትና ለገመድ፣ ሁለተኛው ስስ፣ ዝርግና ጫፉ ድቡልቡል ሆኖ ለማዕድና ለገፈፋ። ከመጪው በዓል በፊት የመንደራችሁን ቀጥቃጭ ወደ ስብሰባው ጋብዙት፤ ወንበር ስጡት፤ የሚገፍፉ ሰዎችም የሚያስፈልጋቸውን ስለት በአፋቸው ይንገሩት። በበዓሉ ማግሥት ደግሞ ከየቤቱ የወጣውን ቆዳ ዘርግታችሁ ቀዳዳውን ቁጠሩ።